ዊንግ ቹንን ማን ፈጠረው?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ዊንግ ቹን ኩንግ ፉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ንግ ሙይ የተባለች የሻውሊን መነኩሲት ገዳሙ ሲቃጠል አምልጣ ስፖርቱን እንደፈጠረች የጻፋችሁት፣ ልክ እንደተረጋገጠ ታሪክ አድርጋችሁ ነው። አፈ ታሪክ ነው እኮ!

ማማሩንስ ያምራል። መነኩሲቷ እባብና ሽመላ ሲጣሉ አይታ ስልቱን አወጣች። ዪም ዊንግ ቹን ለምትባል የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ሻጭ ልጅ አስተማረቻት። ልጅቱም በግድ ላግባሽ ያላትን የሰፈር ጉልቤ ዘረረችው። ማን ይጠላዋል? ግን መነኩሲቷ በእውን ስለመኖሯ በዘመኗ የተጻፈ ማስረጃ የለም።

ለእኔ የሚጥመኝ የቀይ ጀልባዎቹ ወሬ ነው። በደቡብ ቻይና የካንቶን ኦፔራ ተዋንያን በቀይ ጀልባ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ትርኢታቸው ፍልሚያ ስለሚበዛበት ድብድብ መማር ግድ ነው። የዊንግ ቹን ረጅም ዱላ ራሱ ጀልባ ከሚገፉበት አጣና የመጣ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1854 ሊ ዌንማዎ የተባለ ተዋናይ ባልደረቦቹን አስከትሎ ያኔ ቻይናን ይገዛ በነበረው የቺንግ መንግሥት ላይ አመፀ። መንግሥትም በደቡብ ቻይናዋ ፎሻን ከተማ የነበረውን የተዋንያን ማኅበር አዳራሽ አወደመ፤ ኦፔራውንም ከለከለ። እስቲ አስቡት፣ ከእነዚህ ሰዎች የተማረ ሰው «አስተማሪዬ እገሌ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል? ተረቱ ሽፋን የሆነላቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ሰዎች ይታወቃሉ። ሊዮንግ ጃን የፎሻን ባህላዊ ሐኪም ነበር። ተማሪው ቻን ዋህ ሹን ደግሞ ገንዘብ መንዛሪ። እሱ የሚያስተምርበት አዳራሽ የሀብታሞቹ የኢፕ ቤተሰብ ነበርና ኢፕ ማን ገና በልጅነቱ እዚያው ተማረ። ኮሚኒስቶች ሲያሸንፉ ግን ንብረቱን ጥሎ ሆንግ ኮንግ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1950 በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ ለእንጀራ ብሎ ነው። በ1972 ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የተቀረጸ ፊልም አለ። ከሲታ ሽማግሌ ነው፤ ለልምምድ የሚመታውን ክንድ ያለው የእንጨት ምሰሶ ያለ አንዳች ጥድፊያ ይመታል። እኛ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ያየነው ብሩስ ሊ የእሱ ተማሪ ነበር።

ክፍል ሁለት የምትጽፉ ከሆነ እባካችሁ ከጀልባዎቹ ጀምሩልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ