ቲጂዬ፣ ዛሬ አባባ ትዝ አሉኝ

ቲጂዬ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? አባባ ሲያርፉ ለቅሶ አለመድረሴ ሳያንስ መደወል እንኳን አቅቶኝ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፣ ስልኩን አነሳና አሁን ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ላይ። ያቺ ሙዝ ሲበስል የምትወረው ትንሿ ዝንብ አለች አይደል፣ የሷ ልጅ ናት፣ ነጭ ትል ነገር፣ ብታድግ 4 ሚሊሜትር ገደማ። ምግቧ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ ነው የምትውለው፣ ብርሃን ካገኛት ትሸሻለች። ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይታያት እኔ በቀይ መብራት ጨለማ ክፍል ቁጭ ብዬ አያታለሁ፣ ትቆምና ጭንቅላቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታደርጋለች፣ በየት በኩል እንደሚጨልም ለክታ ወደዚያ ትዞራለች፣ የምግብ ሽታም ስትከተል እንደዚሁ ነው። ይሄን ሁሉ የምታደርገው በግራ 12 በቀኝ 12 ብርሃን የሚለዩ ሴሎች ይዛ ነው እኮ፣ የኛ ዓይን ላይ በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት።

ከሁሉም የነካኝ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ላይ ተመራማሪዎች እነዚያን ሴሎች አጥፍተው ሲያዩ ብርሃኑ ጠንከር ካለ አሁንም ትሸሻለች፣ ለካ ቆዳዋ ሥር መላ ሰውነቷን ያለበሱት ነርቮች ብርሃን ይሰማቸዋል! እነዚሁ ነርቮች ናቸው ሕመምም የሚነግሯት፣ ተርብ እንቁላሏን ልትጥልባት ስትወጋት በጎኗ ተንከባላ የምታመልጠው በነሱ ነው።

ዛሬ ይቺኑ ሳይ አባባ በረንዳው ላይ መጡብኝ። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ፊታቸውን ቀና አድርገው "ፀሐይዋ ዞራለች፣ ወንበሬን ሳቡልኝ" ይሉን አልነበር? እርግጥ የሳቸው ሙቀቱ ነው፣ የኛ ቆዳ ሙቀት እንጂ ብርሃን አይነግረንም፣ የሷ ግን ሰማያዊውንና አልትራቫዮሌቱን ብርሃን ራሱን ነው የሚሰማት። ይሄን ለሳቸው ብነግራቸው ስንት ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፣ "ታዲያ ያማታል ወይ ልጄ?" ይሉኝ ነበር፣ እኔም እስካሁን እሱን ነው የማስበው።

ነፍሳቸውን ይማር። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለሺ እደውልልሻለሁ፣ በናትሽ አንሺልኝ።