ቀይዋን ሚያታ ከማስቀባትህ በፊት

ይድረስ ለሙሌ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? መጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ይቅር በለኝ። በፈረንጅ 1992 የተሠራችውን ቀይ ማዝዳ ሚያታህን ካንዲ በሚባለው አንጸባራቂ ሰማያዊ ልታስቀባት እንደሆነ ጽፈህልኛል፤ የኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ ግን ቀይ ሆና ብትቀር እመርጣለሁ።

ኮፈኗ ወደ ሮዝ የሄደው ቀዩ ቀለም ከፋብሪካ ሲወጣ ክሊር፣ ማለትም በላዩ የሚነፋ ቀለም አልባ መከላከያ፣ ስላልነበረው ነው። ቀለሙ ፀሐዩን ያለ ጋሻ ነው የሚቀበለው። በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ይዘህ የማይታይ ጥግ እሽ፤ ጨርቁ ቀይ ከሆነ ክሊር የለም ማለት ነው። ሰማያዊ ካልክ ደግሞ ነገሩ ከውጭ አያበቃም። የበሮቹ ጠርዝ፣ የሞተሩ ክፍል፣ የኋላው ሻንጣ ውስጥ፣ ብቅ የሚሉት መብራቶች ክዳን ሥር ሁሉ ካልተቀባ፣ በሩን በከፈትክ ቁጥር አሮጌው ቀይ ያፈጥብሃል። የሥራው ዋጋ የሚያሻቅበው እዚህ ላይ ነው።

ከቀለሙ በፊት ግን ዝገቱን እይ። ጨርቁ ጣራ ላይ የወረደ ውኃ ከወንበሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወርዶ ከመኪናዋ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት መውጣት አለበት። ቀዳዳው በቅጠልና በአቧራ ከተደፈነ ውኃው ከበሩ ሥር ባለው ላሜራ ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በቨርጂኒያ ክረምት ለበረዶ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስስበት፤ ቶሎ ከሥር ካልወጣ ተዘግቷል። ላሜራው አብጦ ከሆነ ተቆርጦ ሌላ ይበየድበት። በላዩ ስቱኮ ለጥፎ የሚቀባ ሰው የሚሸጥልህ የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው። ማግኔትም ያዝ፦ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ላይ አልያዝ ካለ ወፍራም ስቱኮ አለበት። ኮፈኑ ላይ ባይይዝ ግን አትደንግጥ፣ ኮፈኑ አልሙኒየም ነው።

የብረቱ፣ የአልሙኒየሙና የፕላስቲኩ አካል ጠባይ ይለያያል። የተገፈፈ አልሙኒየምና ብረት መጀመሪያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋ ሽፋን፣ ይፈልጋሉ። ባምፐሮቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ የተገፈፈው ቦታ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልተነፋበት፣ ጠጠር ሲመታው ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ቅባት ማንሻው ከብርጭቆ ወረቀቱ በፊት ይምጣ። አሮጌ ሰም ያለበትን ገላ ቀድሞ መፈተግ ሲሊኮኑን ወደ ጭረቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በኋላ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሽና እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ጉድጓድ ይሠራል። በአንድ ጨርቅ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ስቱኮው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 እና በ320 ያልቃል። ሁለት ሦስት ዙር ፕራይመር ከተነፋ በኋላ ወረቀቱ በጠፍጣፋ ብሎክ ተይዞ እስከ 600 ይፈተግ። ካንዲ ከሆነ 400 ላይ የሚያቆም ሠራተኛ አይሁን፣ ጭረቱ ከሥር ያበራል።

ካንዲ ከሥሩ ብርማ፣ ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ያጠቁረዋል። በሩ አራት ዙር፣ ፓራፋንጎው አምስት ከተነፋ ሁለት መኪና የተገጣጠመ ይመስላል። እጅ አንድ ቦታ ላይ ቢዘገይ ደግሞ የሜዳ አህያ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ሠራተኛው መጀመሪያ በካርድ ላይ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዙር እየነፋ ያሳይህ፤ አንዱን መርጠህ ቁጥሩን ከኋላው ጻፍበት። ሱቅ ደጅ የሰው በር ቢገጭህም ያቺን ቦታ ብቻ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፣ ጎረቤቱ ላሜራ ሁሉ አብሮ ይነፋል። እኔን ከካንዲ የሚያርቀኝ ይኸው ነው።

ክሊሩን ራስህ ጋራዥ ውስጥ ልንፋ እንዳትል። ክሊሩን በሚያጠነክረው ሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አስም ያስይዛል፤ የወረቀት ጭንብል አያስቆመውም፣ ከውጭ አየር የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል። ድብልቁ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ይከተል፦ ሁለት ለአንድ ካለ 600 ሚሊ ሊትር ክሊር 300 ሃርድነር ይወስዳል፤ «ቶሎ ይድረቅ» ተብሎ አይጨመርበትም። ሙቀት ሲሆን ዘገምተኛው፣ ብርድ ሲሆን ፈጣኑ ሃርድነር ነው የሚመረጠው። በዙሮቹ መሐል አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ጥሩ ሠራተኛ ሰዓቱን ብቻ አያይም፤ መኪናዋን ሳይሆን መሸፈኛ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን ክሊር በጣቱ ይነካል። እንደ ማር ከተሳበ ይጠብቃል፣ ጣቱን ያዝ አድርጎ ከለቀቀው ይነፋል። ከተቻኮለ ከሥር የታፈነው ቲነር ሲወጣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። አብዝቶ ከነፋ ይፈሳል፤ ከርቀት ወይም በደረቁ ከነፋ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል።

ልጣጩ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 ቁጥር ወረቀት በውኃ ተፈትጎ ኮምፓውንድ በሚባል መወልወያ ይስተካከላል፤ ግን ይህ ክሊሩን ያሳሳዋል። መስታወት የመሰለ ነገር ከፈለግህ ሦስተኛ ዙር ክሊር አስቀድመህ ተዋዋል። ጠርዞቹ ላይ ክሊሩ ስስ ስለሆነ በፕላስተር ተሸፍነው ይፈተጉ፤ ማሽኑ እዚያ ላይ ቶሎ ነው በልቶ የሚጨርሰው።

ስትዋዋል የሚፈቱት ነገሮች በስም ይጻፉ፦ መብራት፣ እጀታ፣ መስተዋት፣ አንቴና፣ ጣራው። በፕላስተር ዙሪያውን ሸፍኖ የተነፋ እጀታ ሥር ነው ቀለሙ መላጥ የሚጀምረው። ከፕራይመር እስከ ክሊር የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ይሁን። የተረፈውን ቀለም በቆርቆሮ ከነካርዱ ተቀበል። ከወጣች በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሰም አታስነካት፣ ብሩሽ ያለው ማጠቢያም አታስገባት።

የውኃውን ነገር ዛሬ ማታ ሞክረህ ከበሩ ሥር ያለውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ በሁለቱም በኩል። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ወዳጅ