ያ የላክሁልሽ ዝርዝር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ «ደህና ነኝ» ብዬ ስጀምር እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም።

የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው። አዲሱ ቤት እንደገባሽ «ግቢው ራቁቱን ነው፣ ምን ልትከልበት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ ያንን ቆላ በዓይኔ ሳላየው አንድ ገጽ ሙሉ ዝርዝር ጽፌ ላክሁልሽ። ሃይድራንጃ፣ አዛሊያ፣ ቪንካ። እኔ ጋ በብርዱና በእርጥበቱ ያማረውን ሁሉ። ከአራት ወር በኋላ የላክሽልኝ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። የሃይድራንጃው ቅጠል ዳር ዳሩን በክብሪት የተለበለበ ይመስላል። ከሥሩ «እንግዲህ እንዲህ ሆነናል» ብለሽ ጽፈሻል። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ይኸው እዚህ ደረስኩ።

አሁን ለመጻፍ የደፈርኩት የእጄን ስላገኘሁ ነው።

አምና ደጄ ላይ አሥራ ሁለት ላቬንደር ተከልኩ። ችግኙ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «ዞን 5» ይላል፤ ዞን ማለት ቦታው ምን ያህል እንደሚበርድ፣ ተክሉም ምን ያህል ብርድ እንደሚችል የሚለካበት ቁጥር ነው። እኔ ያለሁበት ዞን 7 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ተክሉ የበለጠ ብርድ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳልሰጋ ተኛሁ። ብርዱ ሲያልፍ አሥሩ ሞተው አገኘኋቸው።

አንዱን በአካፋ ላነሳው ስል ያለ ጉልበት ውልቅ ብሎ ወጣ። ሥሩ ጥቁር ነው። በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጡ እንደ ራሰ ወረቀት ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ የስፌት ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻ ነው። የከረመ ውኃ ይሸታል። ብርድ እንዲህ አይገድልም። ተክሉ ሰምጦ ነው የሞተው።

ያሰመጥኩት ደግሞ እኔው ነኝ። መሬቴ ዋልካ ነው። ለስላሳ አልጋ ላንጥፍለት ብዬ እያንዳንዱን ጉድጓድ ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩና በብስባሽ ሞላሁት። ዋልካ ውኃ ቶሎ አያሳልፍም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃው እየተሰበሰበ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። አሥራ ሁለት ባልዲ ቀብሬ ላቬንደሩን ዘፈዘፍኩት በይው። የላቬንደር አገሩ ደግሞ ድንጋያማ ተዳፋት ነው፤ ውኃ አርፎበት አያድርም። የተረፉት ሁለቱስ? ብስባሹ አልቆብኝ ግንበኞች ትተውት የሄዱት ፍርስራሽ ላይ የወሸቅኳቸው ናቸው። ያዘንኩላቸው እነሱ ነበሩ!

ከዚያ በኋላ ነው ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ በቅጡ ያነበብኩት። ዞኖቹ የተሠመሩበትን ካርታ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1960 አወጣው፤ በ2023 ደግሞ አድሶታል። በየዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛውን ሌሊት ይወስዳሉ፣ የ30 ዓመቱን አማካይ ያወጣሉ፣ ከዚያ 13 ቦታ ይከፍሉታል። በአንዱና በሌላው ዞን መካከል 5.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ልዩነት አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚመልሰው «ብርዱ ይገድለዋል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አፈሩ ትንፍሽ አይልም። ዞን 9 ውስጥ በረሃም አለ፣ ረግረግም አለ። በዓመት ስንት ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እንደሚያልፍ የሚቆጥር ሌላ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቷል፤ እኔ የምገዛቸው ችግኞች ካርድ ላይ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

ወደ ሃይድራንጃሽ ልመለስ። ቅጠሉ ሰፊና ስስ ነው። በደረቅና ሞቃት ነፋስ ቅጠሉ የሚያጣውን ውኃ ሥሩ ሊተካለት አይደርስም። «ጠዋት ማታ አጠጣለሁ» ብለሽኝ ነበር፤ አምንሻለሁ። አፈሩ እርጥብ ሆኖም ቅጠሉ ይቃጠላል። አዛሊያው ደግሞ አሲዳማ አፈር ካላገኘ ይገረጣል፤ የደረቅ አገር አፈር ብዙ ጊዜ የዚያ ተቃራኒ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ዓመት ባልፈጀሁ።

ሌላም ታዘብኩ። አንድ ግቢ ራሱ አንድ አየር የለውም። የእኔ ግቢ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ጫፉ ላይ የግንብ አጥር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ግንቡ ግድብ ይሆንበትና እዚያው ይተኛል። በአንድ ቀን የተከልኳቸው ሁለት ቁጥቋጦዎች፣ የላይኛው አበባ ሲያወጣ የታችኛውን ውርጭ አጥቁሮት አደረ። በመካከላቸው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ይህን የትኛው ካርታ ይነግርሻል?

አዲስ ዝርዝር እንዳልልክ ራሴን ይዣለሁ። ግን አፌ አያርፍም፣ ጥቂት ልበል። ለአጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ከፈለግሽ ክትክታን አስቢበት። የዱር ነው ብለሽ አትናቂው፤ በአፍሪካም በአውስትራሊያም በአሜሪካም ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል፣ መቀስም አይፈራም። ከሥሩ መሬቱን ለማልበስ የጥብስ ቅጠል፣ ማለቴ ሮዝሜሪ፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ዓይነት ጥሩ ነው። ጦስኝ የሚያምረው እኔ ጋ ነው፤ አንቺ ጋ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ካለሽ ሞክሪው። ቡገንቪሊያም ውርጭ እስከሌለ ድረስ ይስማማሻል፤ ውኃና ማዳበሪያ ስታበዢለት ግን ቅጠል ብቻ ይሆንብሻል። ትንሽ ሲጠማው ነው የሚደምቀው። ላንታና ይቅርብሽ። ፍሬውን ወፍ ይበላና ጎረቤት ሁሉ ላይ ይዘራልሻል፤ ብዙ አገር ላይ አስቸጋሪ አረም ሆኗል።

ድርቅ ይችላል የተባለ ተክል ደግሞ ድርቅ የሚችለው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንደማንኛውም ሕፃን ውኃ ይፈልጋል። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግሽን ተዪ። ለቀቅ አድርገሽ አጠጪና ላይ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ይወርዳል። መትከልም ሙቀቱ ሲበርድ ነው እንጂ ሊጀምር ሲል አይደለም። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሺው፣ ግንዱን ግን አያስነካ።

ሰርዶ ካለሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን። መሬት የሚያለብስ ተክል ሰርዶ ላይ ከተከልሽ፣ ዕድሜሽን ጎንበስ ብለሽ ሁለቱን ስትለያዪ ትኖሪያለሽ። ከደረሰብኝ ነው የምነግርሽ። በዚህ በኩል እንኳ ቆላው ይጠቅምሻል። በዋናው ሙቀት መሬቱን አርሰሽ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኚውና ዳር ዳሩን በአፈር ቅበሪው። አንድ ወር ተኩል ፀሐዩ ይቀቅልልሽ። ሰርዶ ግትር ነው፣ የተረፈውን ትለቅሚያለሽ።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከበርሽ አጠገብ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሪ። ውኃ ሙዪበትና ሲሰርግ እንደገና ሙዪው። ከዚያ ማስመሪያ አቁሚበትና በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ እዪ። ሁለት ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነሽ። ከዚያ ካነሰ መሬቱን ከፍ አድርገን ነው የምንተክለው፤ እኔም ዘንድሮ እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ የትኛው እንደሆነም ንገሪኝ።

ቁጥሩን ጻፊልኝ። ያን ጊዜ ያስቀረሽውን ስድብም ጨምሪበት።

ያቺው ጓደኛሽ