የዳክ 60 ሚሊዮን እና የእኔ እቁብ

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአቤል፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባትህ እንደ ልማዱ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

እሁድ በስልክ አላስጨረስከኝም። «እማዬ፣ ኳስ መች ገባሽና!» ብለህ ሳቅክብኝ። እሺ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

«ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር መክፈል እብደት ነው» ነው ያልከው፤ ለዳላስ ካውቦይስ ኳርተርባክ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን ጨዋታ ለሚመራው ሰው ማለት ነው። ውሉን የፈረመው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2024 ነው፤ ለ4 ዓመት 240 ሚሊዮን። 231ዱ ዋስትና ያለው ነው፤ ቢጎዳም ይከፈለዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ አትላንታ ላይ የጭኑ ጅማት ተጎዳና የዚያ ዓመት ጨዋታው አለቀ። ካውቦይስም 7 አሸንፈው 10 ተሸነፉ። ቴንክስጊቪንግ ዕለት እኔ ዶሮ ወጥ ሳወጣ አንተ «ውዱ ሰውዬ የታለ?» እያልክ ስትቀልድ ነበር።

ገንዘቡ ብዙ መሆኑን አልክድም። ደግሞ የቡድኑ ባለቤት ጄሪ ጆንስ ሀብታም ስለሆነ ከኪሱ ልጨምር ማለት አይችልም። ሊጉ ለ32ቱም ቡድን እኩል የደመወዝ ጣሪያ ያወጣል፤ የ2025ቱ 279.2 ሚሊዮን ነው። ከ50 በላይ ተጫዋች ከዚያችው ነው የሚቋደሰው። ለአንዱ 60 ስትሰጥ ከአምስት አንድ እጁ ሄደ ማለት ነው።

አሁን የእኔ እቁብ ይምጣ። ዳክ ሲፈርም 80 ሚሊዮን የፊርማ ጉርሻ ተቀበለ። ጣሪያው ላይ ግን አንድ ጊዜ አይያዝም፤ ለ5 ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ይቆጠራል። ይሄ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው እቁብተኛ አይደል እንዴ? ዛሬ ትበላለህ፣ ከዚያ ስትከፍል ትኖራለህ። 9ኛ ክፍል ሳለህ እቁቡ ቀድሞ ደርሶኝ ያቺን አሮጌ መኪና ገዛን። በወሩ ሥራ ቦታ ሰዓት ቀነሱብኝ። መኪናዋም መንገድ ላይ ቆመች። እቁቡን ግን አንድ ዙር ሳላጎድል ከፈልኩ። ካውቦይስም እንደዚያው ናቸው፤ ሰውየው ቢተኛም 16ቱ ይቆጠራል።

«ታዲያ ምኑ ይገባዋል?» ትለኛለህ። በፈረንጆቹ 2016 ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ እሱ 135ኛ ነበር። የመጀመሪያ ውሉ ለ4 ዓመት በጠቅላላ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያ ክፍያ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። ያን ጊዜ «ለዚህ ልጅ አነሰው» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ አንተም አላልክም። በ2020 ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ እያለቀሰ በጋሪ ሲወጣ አብረን አይተናል። አንተ እንኳ ፊትህን አዞርክ። ያኔ የረጅም ጊዜ ውል በእጁ አልነበረም። ኮሌጅ እያለ እናቱን በካንሰር ያጣ ልጅ መሆኑንም አውቃለሁ። ይሄ ሂሳብ ውስጥ አይገባም በል፤ እኔ ግን እናት ነኝ፣ አስገባዋለሁ።

ጥፋቱ ያለው ክፍያው ላይ ሳይሆን ማዘግየቱ ላይ ነው። በ2021 ያስፈረሙት በዓመት 40 ሚሊዮን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ሰው 60 ሆነ። ዶሮ በበዓል ዋዜማ የሚገዛ ሰው ዋጋ ተወደደ ብሎ አያማርርም። በተከላካዩ ኮከብ በማይካ ፓርሰንስም ላይ ይህንኑ ደገሙት። ሲያንገራግሩ ከርመው ለግሪን ቤይ ቡድን ሰጡት፤ እዚያ ለ4 ዓመት 188 ሚሊዮን ፈረመ። በእሱ መሄድ የተናደድከውን ሁሉ ዳክ ላይ ማራገፍህ ነው ያላማረኝ።

የባከነ ገንዘብ ማየት ካማረህ የክሊቭላንድን ቡድን እይ። በ2022 ለኳርተርባካቸው ለዴሾን ዋትሰን ሙሉ ለሙሉ ዋስትና ያለው 230 ሚሊዮን ሰጡት። መጀመሪያ 11 ጨዋታ ታገደ፤ ከዚያ ጉዳት በጉዳት ሆነ። ዳክ ከዚህ ጋር ይወዳደራል?

አንድ ነገር ላይ ግን አሸንፈኸኛል። ጥሎ ማለፉ። 2 አሸንፎ 5 ተሸንፏል፤ በጃንዋሪ 2024 በሜዳው ግሪን ቤይ 48 ለ32 ሲያሸንፈው እኔም ተነስቼ ወጥ ቤት ገብቻለሁ። በ60 ሚሊዮን እንዲህ ያለ ምሽት አይገዛም። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ባለፈው ወር ፓርሰንስ ከግሪን ቤይ ጋር ወደ ካውቦይስ ሜዳ፣ አርሊንግተን ሲመጣ አይተሃል አይደል? 40 ለ40! ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተውም አልተሸናነፉም። አባትህ ነቅቶ «አሁን ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ለቴንክስጊቪንግ ስትመጣ የቆሸሸ ልብስህን ይዘህ ና፤ እዚህ ይታጠባል። «ለሰው ስጪው» ያልከኝን የፓርሰንስ 11 ቁጥር ማልያ አልሰጠሁም። አጥቤ ቁም ሣጥንህ ውስጥ አጥፌዋለሁ።

እናትህ