ጓሮ መቆፈር ቅጣት የሆነበት ትምህርት ቤት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ቀን አርፍጄ ሁለቱንም ቀን የትምህርት ቤቱን ጓሮ ቆፍሬአለሁ። ያረፈደ ይቆፍራል፣ የረበሸ ውኃ ያጠጣል። ጎበዙ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይማራል። ስለ ግብርና መጀመሪያ የተማርነው ይኸው ነበር። በኋላ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ ሳይበቃ ቀረና ግብርና ኮሌጅ ደረሰኝ። ሰፈር ውስጥ «አይዞህ» ነበር የሚሉኝ፤ ለቅሶ የመጡ ይመስል።

አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መጥቷል። ደስ ብሎኛል። ግን ጠመኔ ብቻ ተይዞ እንዳይገባ እሰጋለሁ። ምክንያቴን ከራሴ ልናገር።

ኮሌጅ ሳለን ጤፍ በመስመር ሲዘራ ለሄክታር 5 ኪሎ ዘር እንደሚበቃ ተምረን ተፈትነንበታል። በብተና ከ25 ኪሎ በላይ ስለሚፈጅ ቁጥሩ ያጓጓል። ዲኤ (ገበሬውን የሚያማክር የልማት ሠራተኛ) ሆኜ ቀበሌ ስገባ ይህንኑ በኩራት አስረዳሁ። አንድ አባት ሰምተው ሲያበቁ «መልካም ልጄ፤ ለአንድ ጥማድ ስንት ሰው ያስፈልገኛል?» አሉኝ። ዘሩን አስልቼ ነበር፤ ጥማድ ሩብ ሄክታር ስለሆነ 1 ኪሎ ከሩብ። የጉልበቱን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም በሕይወቴ አንድ መስመር ዘርቼ አላውቅም። የጤፍ ፍሬ በጣቶች መሀል ሾልኮ ሲያመልጥ ያየሁት እሳቸው ማሳ ላይ ነው። እሳቸው ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው ሲሞክሩ እኔ ደብተር ይዤ ቆሜአለሁ።

ኮሌጃችን መሬት አጥቶ አይደለም። ሰፊ ማሳ ነበረው፤ የሚሠራው ግን በትራክተርና በቀን ሠራተኛ ነበር። እኛ ለተግባር ትምህርት ስንወጣ አንዱ ይቆፍራል፣ ሠላሳዎቻችን እናያለን። ከዚያ ያንኑ ሪፖርት ተኮራርጀን እናስገባለን።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ 25 የግብርና ኮሌጆች ከ60 ሺህ በላይ ዲኤ አሠልጥነዋል። ለየቀበሌው ሦስት፤ አንድ ለሰብል፣ አንድ ለእንስሳት፣ አንድ ለተፈጥሮ ሀብት። ትልቅ ሥራ ነው። ስንቱ እጁን አፈር አስነክቶ ተመረቀ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

የግብርና ተመራማሪ አዲስ የስንዴ ዝርያ ሲያወጣ ከነባሩ ጎን ይዘራዋል። በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ይዘራና መዝኖ ያወዳድራል። ማስተማራችንንስ ለምን እንዲህ አንፈትነውም? አንዱ ክፍል እንደ ልማዱ በጠመኔ ይማር። ሌላው ከዘር እስከ ውቂያ የራሱን ማሳ ይያዝ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም ገበሬ ፊት ቆመው ይጠየቁ። ለተማሪ መጠይቅ በትኖ «ረክተሃል ወይ?» ማለት ለእኔ ምርምር አይደለም። (የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣውን ስንቱን አይቻለሁ።)

የአለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ኮሌጅ በ1940ዎቹ በአሜሪካው የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እገዛ ሲቋቋም ማስተማሩ፣ ምርምሩና ኤክስቴንሽኑ (ገበሬውን የማማከሩ ሥራ) አብረው ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። በ1958 ዓ.ም ለሀገር አቀፉ ምርምር የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። መምህሩ ከገበሬው የራቀው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ጥሩ ልምድም አለን። እዚያው ሐረማያ በ1989 ዓ.ም ሳሳካዋ በተባለው የግብርና ድጋፍ ድርጅት እገዛ በሥራ ላይ ላሉ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የዲግሪ ትምህርት ተጀመረ። ተማሪው በመሀል ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ለወራት ከገበሬው ጋር ፕሮጀክት ይሠራል፤ መምህሩም እዚያው ድረስ ሄዶ ይጎበኘዋል። ይህ ለጎልማሶች ከተቻለ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአቅሙ ለምን አይቻልም?

ከትምህርት ቤቶች የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት በሁለት ሜትር መደብ ይሰጠው። ጎመንም ይሁን ቀይ ሥር የተከለውን ራሱ ይመዝን፣ ወጪውንም ራሱ ያስላ፣ ማርኩም ከዚያ ይያዝለት። የከተማ ትምህርት ቤት መሬት ከሌለው ጆንያና የተቀደደ ጀሪካን አያጣም። ያረፈደውን ተማሪ ግን እባካችሁ ሌላ ቅጣት ፈልጉለት።

የቀድሞ ዲኤ፣ ከደብረ ማርቆስ