ገመዱ አንቺ ጋ ነው

እህትዓለም፣

ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ይቅርታ። ስልኬን አንስቼ፣ ስምሽ ላይ ደርሼ መልሼ ያስቀመጥኩበትን ቀን ቆጥሬ አልዘልቀውም። አሁንም የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። እሱን ላስቀድም፣ ሌላው እየጻፍኩ ይወጣል።

ገመዱ አንቺ ጋ ነው አይደል? ነጩ፣ በየ60 ሳንቲሜትሩ ቀይ ክር ያሰርንበት። አንድ ጣት ተዛንፏል ብለሽ ሦስት ጊዜ ያስፈታሽኝ። ቂም አልያዝኩም፣ ላስታውስሽ ብዬ ነው።

አንድ ስብሰባ ላይ ላቢሪንት፣ ያን እየተጠማዘዘ ወደ መሃል የሚያስገባውን የእግር መንገዳችንን፣ እንድዘረጋ ተጠየቅኩ። ልጆቻቸውን በሞት ያጡ ወላጆች ናቸው፣ ወደ 40 ሰው። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ያወራሉ። በሁለተኛው ቀን ወሬ የማይጠይቅ ነገር እንዲኖር ተፈለገ። ቀኑ ደግሞ የሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ዋለ። ታውቂው የለ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በየራሳቸው ሰዓት ልክ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ላቢሪንት የሚራመዱበት ቀን ነው። አዘጋጇ ይህን አልሰማችም ነበር። ስነግራት ዝም አለችና «እንግዲያው ብቻቸውን አይሆኑም» አለችኝ። እሺ ያስባለችኝ ይቺ ቃል ናት።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰው ይጠፋበታል?» የሚል ነበር። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መሬት ላይ በጣትሽ እየሳልሽ ስታስረጂ ትዝ አልሽኝ። መንገዱ አንድ ነው፣ መገንጠያ የለው፣ የተዘጋ ጫፍ የለው። እግርሽን ካስገባሽ መሃል ትደርሻለሽ፣ በመጣሽበት ትመለሻለሽ። ምንም የሚመረጥ ነገር የለም። ሐኪሙን፣ ቀብሩን፣ ወረቀቱን ሲወስኑ ለከረሙ ሰዎች አለመምረጥ በራሱ እረፍት ነው። ይህን ስላት ገባት። መድኃኒት ነው ግን አላልኳትም። «ለማንም ፈውስ ቃል እንዳትገቢ» ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ አለ። እግር ሲዘገይ ትንፋሽም ይዘገያል። ከዚያ ወዲያ ያለው የተራማጁ ነው።

ያላየሽውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ባለ ሰባት ዙሩን ላቢሪንት ሣር ላይ በዱቄት ዘርግቼው ነበር። አንድ ትልቅ ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ከውጭ ስትቆጥሪ መጀመሪያ ሦስተኛው ዙር ላይ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አንደኛው፣ እየራቅሽ። ቀጥሎ አራተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ድንገት ሰባተኛው ላይ ነሽ፣ መሃሉን ታክከሽ። እጅሽን ብትዘረጊ ትነኪዋለሽ። ደረስኩ ስትዪ መንገዱ ወደ ስድስተኛው፣ ወደ አምስተኛው ይመልስሻል። ሰውዬው እዚያች መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ጨብጧል። ከኋላቸው ሦስት ሰው ተሰልፏል፣ አንድም የቀደማቸው የለም። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ባዶውን፣ መራመድ ቀጠሉ። ሲወጡ ዱቄቱ በእግራቸው ጣቶች መሃል ገብቷል። ሳያራግፉት ጫማቸውን አደረጉ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የዚያን ቀን ማታም ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩ።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ ካረፉ በኋላ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ግቢዬ ውስጥ አንድ ዘርጊልኝ፣ ማታ ማታ ልራመድበት።» እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልኩሽ። ገመዱንም አንቺ ጋ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛው ሲያልፍ አፈርኩ። እፍረቱ ራሱ ሌላ ወር በላ፣ ከዚያ ዓመት። ለማላውቀው ሰው ሐዘን ጎንበስ ብዬ መስመር ስስል ከረምኩ፣ ያንቺን ግን ዘለልኩት። አንድ ጊዜ «ሥራ በዝቶብኝ» ብዬ ደብዳቤ ጀምሬልሽ ነበር። ውሸት ስለሆነ ቀደድኩት። እውነቱ ይኸው፣ ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ፈራሁ።

እ... ወደ ጭንቀቴ ልመለስ፣ አለዚያ ይህን ደብዳቤ አልጨርሰውም።

አዘጋጇ የሻርትሩን ፎቶ አይታ «እንዲህ ያለውን ሥሪልን» አለችኝ። ይቺን ፈረንሳይ ያለችውን፣ ካቴድራሉ ወለል ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራችውን። 11 ዙር ናት፣ ወርዷ 13 ሜትር ይጠጋል፣ መንገዱ ወደ 260 ሜትር ይሄዳል። የኛ አዳራሽ ስፋቱ 12 ሜትር ነው። ቄሷ ሎረን አርትረስ በ1991 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሸራ ላይ አስገልብጠው ሳን ፍራንሲስኮ ግሬስ ካቴድራል ውስጥ እንደዘረጉት ነገርኳት። ሸራ ይዘልቃል፣ ይታጠፋል፣ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። እሱን እንግዛ ወደሚለው ስታዘነብል ነው ዋናው ነገር የመጣው። ከእናቶቹ አንዷ በዊልቸር ነው የሚሄዱት።

ለዊልቸር መንገዱ ከ90 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። 1 ሜትር ባደርገው ሰባት ዙሩ ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትር ይወጣዋል። አይገባም። አንድ ሰው ለእሳቸው ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ፣ ሁለት እንሥራ ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። ሁሉም በሚሄድበት ካልሄዱ ምኑን ገቡት?

የቀረኝ ሦስት ዙሩ ነው። ስንስለው መነሻው መስቀሉና አራቱ ነጥብ ብቻ፣ ሰባቱ ላይ የምንጨምራቸው አንግሎች የሌሉት። ወርዱ 7 ሜትር ይሆናል፣ ዳር ላይ ወንበር ለማድረግም ይተርፋል። መንገዱ ግን 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሁሉ ሐዘን 40 ሜትር።

ትናንት ሌሊት ወረቀት ላይ ሳልኩት፣ በጣቴም ሄድኩበት። ማጠሩ አይደለም የከበደኝ። ስትገቢ መሃሉን ታክከሽ ነው። ከዚያ ያወጣሻል፣ ደግሞ ያወጣሻል። የመጨረሻው ውጪኛው ዙር ላይ፣ ከሁሉ በራቅሽበት፣ ታጠፍሽና መሃል ነሽ። ሰባቱ አለማምዶ ነው የሚያስገባው። ይሄ ድንገት ነው።

ያማል? ወይስ ያሳርፋል? እኔ እናቴ በሕይወት አለች። ይህን በእግሬ ልለካው አልችልም። አንቺ ትችያለሽ። ጥያቄው ከበደሽ ከሆነ ተይው፣ አትመልሺልኝ።

ደግሞ አሁን ስጽፍልሽ ገባኝ፣ ገመድ አይሆንም። ጎማ ገመድ ላይ ሲወጣ ይንገጫገጫል፣ ይይዘዋልም። እዚያ ወለል ላይ የሚሆነው የወረቀት ፕላስተር ነው፣ የሚለጠፍ፣ ሲነሳም ምልክት የማይተው። ስለዚህ ገመዱን አልፈልገውም። ደብዳቤውን በሱ ጀምሬ ምን ልበልሽ... አንቺ እንድትመጪ ነው የምፈልገው። መግቢያው ላይ የሚቆም ሰው አጥቻለሁ። የፊተኛው ሲርቅ የኋለኛውን ትከሻውን ነካ አድርጎ የሚልክ፣ የማይቸኩል። ያን ያህል ታግሶ መቆም የሚችል ካንቺ ሌላ አላውቅም፣ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ የማትችዪ ሰው እዚያ ላይ ስትቆሚ ሌላ ነሽ። ዓርብ ከሰዓት ፕላስተሩን እንለጥፋለን። ጉልበትሽን ካመመሽ አንቺ ክሩን ያዢ፣ እኔ እጎነበሳለሁ።

አልችልም ካልሽም ይገባኛል። እሑድ ግን እኔ እመጣለሁ። ገመዱን አንቺው ጋ ተይው። ግቢሽ 9 ሜትር ካለው ሰባት ዙሩ ይገባል። ከበሩ እስከ ዛፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ያንቺ እርምጃ አጭር ነው፣ ወደ ሜትር የምለውጠው እኔ ነኝ።

ያንቺው