ጣርማ በርን እንደ ሜዳ የሚቆጥር ትንበያ ለሰሜን ሸዋ አይበቃም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በተገኘሁበት የግብርና ዕቅድ ውይይት ላይ ስለ መጪዎቹ አሥርት ዓመታት ዝናብ የሚገልጽ ሰነድ ታድሎን ነበር፤ ለደብረ ብርሃን ደጋም ሆነ ለሸዋ ሮቢት ቆላ ያስቀመጠው ለውጥ አንድ ነው። ዓለም አቀፎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን ጎናቸው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ከፍለው ስለሚያሰሉ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃንና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት በአንድ ካሬ ሊወድቁ፣ በመካከላቸው ያለው ገደልም ሊጠፋ ይችላል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ገደሉ አናት ላይ ባለው መተላለፊያ፣ በጣርማ በር፣ ያለፈ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከላይ መኪናው መብራቱን አብርቶ በጉም ውስጥ ያዘግማል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ተሳፋሪው ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት ይከፍታል። በበልግ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ይህን ገደል ሲወጣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ የደጋው ገበሬ የበልግ ገብሱን የሚዘራው ይህን ዝናብ ተማምኖ ነው። ገደሉን የማያውቅ ስሌት ይህን ዝናብ ከየት ያመጣዋል?

የዓለም አቀፎቹን ትንበያ ወደ አካባቢ ደረጃ ለማውረድ የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንድን አካባቢ ብቻ በትናንሽ ካሬዎች ከፍለው ሙሉውን የከባቢ አየር ፊዚክስ የሚያሰሉት ክልላዊ ሞዴሎች ገደሉን ያያሉ፤ ሆኖም የሚጠይቁት የኮምፒውተር አቅም ከባድ በመሆኑ ብዙ ትንበያዎችን አነጻጽሮ ለማየት አያመቹም። የዓለም አቀፎቹን ሞዴሎች ውጤት በየቦታው ቀደም ሲል ከተለካው ዝናብ ጋር የሚያዛምደው ስታቲስቲካዊ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያለፈው ዝምድና ወደፊትም ይቀጥላል ብሎ ስለሚነሳ፣ የዝናብ መለኪያ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ መነሻ ስለሚያጣ፣ ብቻውን አያስተማምንም። በሁለቱ መካከል የተቃለሉ የከባቢ አየር ሞዴሎች አሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ኢታን ጉትማንና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 2016 ያስተዋወቁት አይካር የተባለው ሞዴል ተራራ ነፋስን እንዴት እንደሚያነሳውና እንደሚያስቀይሰው በቀላል ቀመር ካሰላ በኋላ፣ እርጥበቱንና ሙቀቱን በዚያ ነፋስ ላይ አጓጉዞ ዝናቡን ያወጣል፤ ድካሙም ከሙሉዎቹ ሞዴሎች እጅግ ያነሰ ነው።

ይሁንና እንዳለ ይወሰድ አልልም። ይህ ዓይነቱ ቀመር የሚያይለው ነፋስ ተራራ ሲወጣ በሚፈጠር ዝናብ ላይ ነው፤ በክረምት ከቀትር በኋላ ከሞቀ መሬት ተነስቶ ነጎድጓድ የሚያወርደውን ደመና በሚገባ አይዘውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎቻችን በመጀመሪያ በበልግ ዝናብ ላይ ሞክረው፣ ውጤቱን በየጣቢያው ከተመዘገበው ልኬት ጋር ያመሳክሩት። እስከዚያው ድረስ ለደጋና ለቆላ አንድ ቁጥር የያዘ ሰነድ ለግብርና ባለሙያዎች የዘር ምክር መነሻ ሆኖ እንዳይታደል እጠይቃለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደብረ ሲና